የቀላ ፍም መርዝ የለውምን? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ነው። በታኅሣሥ ወር አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር፣ ቡና ያፈላሁበትን የከሰል ምድጃ ቤቱን እንዲያሞቅልን ብዬ ሳሎን ትቼው ተኛን። ብርዱ ስለሚያስቸግር በበሩ ሥር አሮጌ ጋቢ ወትፌ ነበር። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ አልቆ ከቀላ በኋላ ነው ያስገባሁት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ልጄ ራሷን ይዛ እያለቀሰች አስመለሳት፤ ላነሣት ስል የእኔም ጉልበት ከዳኝ። ተንፏቅቄ በሩን ከፈትሁና ወደ ኮሪደሩ ወጣን፤ ጎረቤቶች ደርሰው ወተት አጠጡን፤ ሊነጋ ሲል ተሻለን። ያዳነን ወተቱ ነው? ከሰሉ ቀልቶ ሳለስ እንዴት አፈነን? አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ «ከምድጃው አጠገብ ውኃ በሳህን ብታስቀምጪ አይነካሽም» ትለኛለች።

መልስ፦ እንኳን ተረፋችሁ። ያዳናችሁ በሩን መክፈትዎ ነው፤ ወተቱ በዚህ ውስጥ ድርሻ አልነበረውም።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ዐይን የሚያቃጥለውና የሚያስለው ጭስ ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ «መርዙ ወጣለት» ብለን ምድጃውን እናስገባለን፤ ጋዙ ግን ፍሙ አመድ ለብሶ ረመጥ እስኪሆንም ድረስ መውጣቱን አያቆምም። ዕጣን ቢጨስበት የቤቱ ሽታ ያማረ ይሆናል እንጂ አየሩ አይለወጥም። በሳህን የሚቀመጠው ውኃም አይረዳም፤ ጋዙ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነውና።

ጋዙ በትንፋሽ ገብቶ ደም ሲደርስ፣ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰም ሰውነቱ ኦክስጅን ይራባል። ጉልበትዎ የከዳዎት በዚህ ምክንያት ነው። ከደም የሚወጣውም ቀስ እያለ ነው፤ ንጹሕ አየር የሚተነፍስ ሰው ከያዘው ጋዝ ግማሹን ለማስወጣት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ታማችሁ ሊነጋ ሲል የተሻላችሁም ወተቱ ሠርቶ ሳይሆን ይህ ጊዜ ስላለፈ ነው። በሐኪም ቤት ኦክስጅን በጭምብል ሲሰጥ ግን ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል። ወተት በደግነት እንደሚሰጥ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ራሱን በሳተ ወይም በደነዘዘ ሰው አፍ የፈሰሰ ማንኛውም ነገር ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ሕመሙ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስመለስና የጉልበት መዛል ስለ ሆነ ከጉንፋን ወይም ከምግብ መመረዝ ጋር ይምታታል። ትኩሳት ከሌለ፣ በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ከታመሙና ወደ ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው ግን ከሰሉን ይጠርጥሩ። አስቀድመው በርና መስኮት ከፍተው ሰዎቹን ያውጡ፤ ምድጃው ከዚያ በኋላ ይወጣል። ራሱን የሳተውን ትንፋሹ ካለ በጎኑ አስተኝተው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉ። በዳር ሰፈሮች ብሎኩን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ጊዜ ይወስዳልና አንድ ሰው አስፋልቱ ድረስ ወጥቶ ይጠብቅ። ለሐኪሙ «ከሰል ነበር» ማለት አይዘንጋ፤ በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማይለይ ጤነኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ራሱን ስቶ የነበረና ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ቢሻላቸውም መታየት አለባቸው። የአራስ ክፍልን በከሰል ማሞቅ የቆየ ልማዳችን ቢሆንም፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉም በፊት መቅረት ያለበት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ልጄ የፈላ ጀበና ጎትቶ ክንዱ ላይ አፈሰሰ። የጥርስ ሳሙና ቀባንለት። እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ምን ማድረግ ነበረብን? (ከለገ ጣፎ)

መልስ፦ እኛም በልጅነታችን ቅቤ ተቀብተናል። የጥርስ ሳሙናም ቅቤም ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍኑታል፤ ሐኪሙም ቁስሉን ለማየት እነሱን መፋቅ ይኖርበታል። የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ነው፤ በረዶ ግን አይደረግበትም። ቧንቧው ከሌለ ክንዱን ከሳፋ በላይ ይዘው ከጀሪካን በጆግ ያፍስሱ፤ ሳፋው ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ መልሶ እየቀዱ ማፍሰስም ከምንም ይሻላል። የቀረው አካሉ እንዳይበርደው ይሸፍኑት። ልብሱንና የእጁን አምባር ሳያብጥ ያውልቁ፤ ቆዳው ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ግን አይላጥ። ውኃ የቋጠረውን አያፍርጡ፤ በንጹሕ ጨርቅ አልብሱት። ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከሰፋ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ አልያም ብልት ላይ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

ጥያቄ፦ ለቡታጋዝ የገዛሁትን ነጭ ጋዝ ልጄ ውኃ መስሎት ከሃይላንድ ጠጣ። እንዲያስመልሰው ጣት መክተት ይገባኝ ነበር?

መልስ፦ በፍጹም። ነጭ ጋዝ ይበልጥ የሚጎዳው ሳንባን ነው፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። ወተትም ዘይትም አይስጡት፤ ጋዝ የነካውን ልብስ አውልቀው ገላውን በሳሙና ይጠቡት፤ ከዚያ ሃይላንዱን ይዘው ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂዱ። ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ ከሰዓታት በኋላ ሊጀምር ስለሚችል፣ ልጁ እየተጫወተ ቢሆንም ከመሄድ አይቅሩ።