ስሙም መጠኑም አንድ ነው፣ የቱን ልመን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ትንሽ የፎቶኮፒና የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለኝ። ኢንተርኔት ስለሚወደድ ሶፍትዌር የምንቀባበለው በፍላሽ ነው። ሰሞኑን አንድ ደንበኛ የቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻው ፕሮግራም) መጫኛ ይዞ መጣ። እኔ ጋ ካለው ጋር ስሙም መጠኑም አንድ ነው፣ ግን የሱን ስከፍተው አንቲቫይረሱ ይጮሃል። የቱን ልመን? ጓደኛዬ ደግሞ «የታወቁ ፋይሎች ዝርዝር አለ፣ እዚያ ውስጥ ካለ አትፍራ» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስሙንም መጠኑንም እርሳቸው። ስም መቀየር ቀላል ነው፣ መጠኑንም ቫይረስ የሚሠራ ሰው ሆን ብሎ ያመሳስለዋል። ማየት ያለብህ ሃሹን ነው። ሃሽ የፋይሉ የጣት አሻራ በለው፤ ከውስጡ እያንዳንዱ ባይት ተሰልቶ የሚወጣ ቁጥር ነው። ኤስኤችኤ-256 በሚባለው የሃሽ ስሌት ስታሰላው ፋይሉ የአንድ ገጽ ማመልከቻም ይሁን ሙሉ ፊልም የሚወጣልህ 64 ፊደልና አሃዝ ነው፣ ከውስጡ አንዲት ቢት ከተነካች ደግሞ ውጤቱ ጭራሽ ሌላ ይሆናል። ስሙን ብቻ ብትቀይር ግን ሃሹ ንቅንቅ አይልም።

ሰቨን-ዚፕ የሚባለው የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም ካለህ ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርግ፣ «ሲአርሲ ኤስኤችኤ» የሚለው ውስጥ ግባና ኤስኤችኤ-256ን ምረጥ። ያገኘኸውን የቪኤልሲ ሠሪዎች ድረ ገጻቸው ላይ ካወጡት ጋር አስተያይ። ትልቅና ትንሽ ፊደል መሆኑ አያስጨንቅህ፣ ግን ዳርና ዳሩን ብቻ አይተህ አትለፍ። ቨርዥኑም፣ 32 ወይም 64 ቢት መሆኑም አንድ ይሁን፤ አለዚያ ደህናው ፋይል ራሱ አይገጥምም።

ፍላሹ ላይ አብሮ የተጻፈ ሃሽ ካገኘህ በፍጹም አትመነው! ፋይሉን የቀየረ ሰው ያንንም ይቀይረዋል። ኤምዲ5 የሚባለው የቆየ የሃሽ ዓይነት ብቻ ከተሰጠህም ተጠንቀቅ፣ ሁለት የተለያዩ ፋይሎችን አንድ ዓይነት ኤምዲ5 እንዲኖራቸው ማድረግ እንደሚቻል በ2004 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ሌላው የቆየ ዓይነት ኤስኤችኤ-1ም በ2017 እ.ኤ.አ. እንዲሁ ተሰብሯል።

ጓደኛህ ዝርዝር አለ ያለው እውነቱን ነው። ኒስት የሚባለው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም የሶፍትዌር ፋይሎችን ሃሽ ሰብስቦ በነፃ ያወጣል። ዋና ጥቅሙ ለመርማሪዎች ነው፤ ከተያዘ ኮምፒውተር ውስጥ ከዊንዶውስና ከታወቁ ፕሮግራሞች የመጡትን ፋይሎች በሃሻቸው ለይተው ያስወጡና ጊዜያቸውን ሰውየው ራሱ በፈጠራቸው ላይ ያውላሉ። «አትፍራ» ያለው ላይ ግን ተሳስቷል። የታወቀ ማለት ከየት እንደመጣ የሚታወቅ ማለት እንጂ ደህና ማለት አይደለም፣ ዝርዝሩ ውስጥ ለጠለፋ የሚያገለግሉ ፕሮግራሞችም አሉ። የሌለበትም ሁሉ ቫይረስ አይደለም። ተማሪዎች ልታተምላቸው የሚያመጡት የመመረቂያ ጽሑፍ እዚያ ውስጥ ከየት ይመጣል?

ላንተ ሥራ የሚቀልህ ቫይረስቶታል የሚባለው ድረ ገጽ ነው። ፋይሉን ራሱን ወደ ድረ ገጹ መላክ ሳያስፈልግህ ሃሹን ብቻ ኮፒ አድርገህ ፈልግ፣ 64 ፊደል ስንት ዳታ ይበላል? ከዚህ በፊት ተመርምሮ ከሆነ ብዙ አንቲቫይረሶች ያሉትን አንድ ላይ ታያለህ። ምንም ካላገኘህ ገና አልታየም ማለት ነው፣ ንጹህ ነው ብለህ እንዳትጭነው።

የደንበኛህን ፋይል አትጫን፣ ለሱም ንገረውና ያጥፋው። ያንተንም ቢሆን አንቲቫይረሱ ዝም ስላለ ብቻ አትመነው፣ ዛሬውኑ ሃሹን አውጣና አስተያየው።