አንድ ፈር በየዓመቱ፦ የመሬት ጥያቄና መልስ

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በወረዳ የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ። አሁን ለጠበቃ የሚከፍሉት ለሌላቸው ገበሬዎች አቤቱታ እጽፋለሁ፣ መጥሪያ አነብላቸዋለሁ፣ ሲሆንልኝም አብሬያቸው ችሎት እቀመጣለሁ። ስለ መሬት ክርክር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የጠየቃችሁኝ ከነመልሱ ይኸው።

ከመሸንቲ፦ ጋሼ፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ ኩታ ገጠሙ ጎረቤት በየዓመቱ አንድ አንድ ፈር እየገፋብን ነው። ደብተር አለን፣ ካርታ ግን የለውም። በምን እንረታለን?

የእናንተ ችግር የብዙ ሰው ችግር ነው። የመጀመሪያው አረንጓዴ የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ መሬቱ በአብዛኛው የተለካው በገመድ ነው። ደብተሩ ላይ ያለው ስፋቱና የአዋሳኞቹ ስም ነው። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ። እገሌ ሲሞትና መሬቱ ለልጁ ሲያልፍ ደብተሩ ይታወራል። ስንት ጥማድ እንደሆነ ይናገራል እንጂ ድንበሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ አይናገርም።

ስለዚህ አሮጌውን ድንበር የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። በ1989ኙ የመሬት ድልድል ወይም በምዝገባው ጊዜ በቀበሌው የመሬት ኮሚቴ የነበሩ ሰዎች አሁንም አሉ። ገመዱን የያዙት እነሱ ናቸው። ሞት ሳይቀድማችሁ አግኟቸው። ድንበሩ ላይ ቅንጭብ ወይም ሰንሰል ከነበረም ጉቶውን አትንቀሉት፤ ፎቶ አንሱት።

ቀጥሎ ሁለተኛ ደረጃውን ደብተር ጠይቁ። እሱ በመሣሪያ ተለክቶ ካርታ የወጣለት ነው። ለኪዎቹ ሲመጡ ግን ማሳው ላይ ቁሙ። ይህን አጥብቄ የምለው ደጋግሜ ስላየሁት ነው። ልኬታው ሲደርስ ድሃው ሰው አገር ቤት የለም። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል፣ ወይም ባሕር ዳር የቀን ሥራ ላይ ነው። ድንበሩን የሚያሳየው ጎረቤቱ ብቻ ይሆናል። ውጤቱ ለሕዝብ ሲለጠፍም የሚያይለት የለም። ከዚያ በኋላ ገፊው ካርታ ይዞ ይመጣል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በራሳችሁ በሬ መልሳችሁ አትግፉ። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ይባላል። በአንድ ፈር የተነሳ ሁለት ቤት ደም ሲቃባ አይቻለሁ።

ከአንዳሳ፦ እናቴ አባቴ ከሞተ በኋላ መሬቱን ለአጎቴ ልጅ በእኩል፣ አርሶ ምርቱን ሊያካፍላት፣ ሰጠችው። አሥር ዓመት አረሰው። አሁን “የእኔ ነው” ይላል። ደብተሩም እሱ እጅ ነው። ምን ላድርግላት?

እህቴ፣ ደብተሩን የያዘ ሁሉ ባለይዞታ አይደለም። ወረዳው ዘንድ ባሕር መዝገብ አለ። እዚያ የሰፈረው የማን ስም እንደሆነ ማስረጃ አውጪ። በክልላችን ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ እንዲኖር የተደረገው ለዚህ ለዚህ ነው። እኩል አራሽ ስላረሰ ብቻ ባለይዞታ አይሆንም። “ገዝቼዋለሁ” ቢልም አያዋጣውም፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም።

የእናትሽ ክፍተት ሌላ ቦታ ነው። ውሉ በቃል ነበር። በሬ የላትም፣ የሚያርስላትም የላትም፤ ለዚያ ነው የሰጠችው። ዘመድ ስለሆነ ደግሞ “እንጻፍ” ማለት ነውር መሰላት። እናቶቻችን በዚህ ይሉኝታ ስንት ማሳ እንዳጡ ሳስብ ያመኛል። በእኩል ሲያካፍላት ያዩ ሰዎችን ለምስክርነት አዘጋጂ። ከእንግዲህ የምትሰጠውን ሁሉ በጽሑፍ ታድርገው፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ እኩል ነው ሲሶ፣ ዘርና ማዳበሪያ የማን ነው።

እዚህ ባሕር ዳር የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እናትሽን ይዘሻት ሂጂ፤ ብቻዋን አትላኪያት።

ከፎገራ፦ በባሕር ሸሹ መሬት ላይ እንጣላለን። ደብተር የለውም። ሕጉ ምን ይላል?

ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው። ጣና ሲሸሽ መሬቱ ይወጣል፣ ክረምት ሲገባ ውሃው ተመልሶ ድንበሩን ይዞት ይሄዳል። በ1988 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨራጨራ ላይ ውሃው ከተገደበ ወዲህ ደግሞ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ ሳይሆን በሰው እጅም ይወሰናል። ደብተር በሌለበት ፍርድ ቤት የሚያዋጣ አይመስለኝም። ውሃው ከመሸሹ በፊት በቀበሌው ፊት ተስማሙ። ማን የቱን እንደሚዘራ ይጻፍ፣ ሽማግሌዎችም ይፈርሙበት። በየዓመቱ አድርጉት።

ከሰባታሚት፦ ከተማው ወደኛ እየሰፋ ነው። መሬታችን ለልማት ቢወሰድ ካሳው እንዴት ይሰላል?

በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ምትክ መሬት ሳይሰጠው ለዘለቄታው ለሚነሳ ገበሬ ያስቀመጠው ስሌት አለ። ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ ይወሰድና በ15 ይባዛል። ዛፍ፣ ጉድጓድ፣ አጥርና ቤት ለብቻቸው ይገመታሉ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምራችሁ ምርታችሁን ጻፉ። ስንት ኩንታል በቆሎ፣ ስንት እስር ጫት፣ ስንት ማንጎ። ያልተጻፈ ምርት ሲቆጠር ያንሳል። ከግምቱ ጋር ካልተስማማችሁ የቅሬታ ጊዜው አጭር ነው። አዋጁ 30 ቀን ብሎ ነበር፤ የደረሳችሁን ወረቀት ዕለቱን አስነብቡ። ገንዘቡ ሲመጣም ሚስት ድርሻዋን ትወቅ።

አዛውንት አባታችንን አንድ ዘመድ “እጦርሃለሁ” ብሎ የመሬት ስጦታ አስፈረማቸው። ማንበብ አይችሉም።

ወረዳው ላይ ተመዝግቦ እንደሆነ መጀመሪያ አጣሩ። ከዚያ ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ፣ ወረቀቱን ማን እንዳነበበላቸው ጠይቁ። ጣታቸውን ቀለም ነክሮ ማስፈረም ማስረዳት አይደለም። ተታለው ከሆነ ስጦታው እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል። አትዘግዩ።

እኛ ከተማ ነን። የገጠር ዘመዶቻችንን በገንዘብ ብንረዳ ይበቃል?

ገንዘብ ደግ ነው፣ ግን ድሃ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ቀን ስለሚያልፍበት ነው። ቀጠሮው አመለጠው፣ መጥሪያውን ያነበበለት አጣ፣ የይግባኙ 60 ቀን አለቀበት። ስለዚህ የደብተሩን እያንዳንዱን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አስቀምጡ። የቀጠሮውን ቀን እናንተ ያዙ፣ ዋዜማውን ደውሉ። ቀጠሮው በእርሻ ወቅት ከሆነ መንደሩ በደቦ ይረስለት፤ በሬ ጠምዶ ችሎት መዋል አይቻልም። ለዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ሰው በደሃ ደንብ መክሰስ እንደሚችል ንገሩት። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይፈቅድለታል፤ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ያውጣ።

ከጉዳይ ገዳይም ጠብቁት። “እኔ ልጨርስልህና እኩሌታውን ታሳርሰኛለህ” የሚለው ሰው ከገፊው የተለየ አይደለም።

ሽማግሌ ወይስ ፍርድ ቤት?

ሽማግሌ ይቅደም። ግን እርቁ በጽሑፍ ይሁን፣ ድንጋዩም በሁለቱም ፊት ይተከል። ሽማግሌዎቹ ሁሉ የአንድ ወገን ዘመድ ከሆኑ ግን ቀጥታ ወረዳ ፍርድ ቤት ሂዱ።

ነገ ከአያቴ ጋር ወረዳ እንሄዳለን። ምን እንያዝ?

ደብተሩን ከነኮፒው፣ መታወቂያቸውን፣ የግብር ደረሰኝ ካለ እሱን። የአዋሳኞቹን ስም በወረቀት ጻፍ። የሚሰጧችሁን የመዝገብ ቁጥር ሳትይዝ አትውጣ፤ ያነጋገረህን ሰው የሥራ ድርሻም ጠይቀህ ጻፈው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ ሁኑ። ለአያትህ ቆሎና ውሃ ያዝላቸው፣ ወረፋው ረጅም ነው።