የማን እጅ ላይ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ
(ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። እሱ ታክሲ ይነዳል፤ እኔ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነኝ። በ2024ቱ ምርጫ ጊዜ የዶናልድ ትራምፕንና የካማላ ሃሪስን አቋም ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንድ ሠንጠረዥ ከወዳጆቻችን ደርሶን ማታ ማታ እያነበብን ስንከራከር ከረምን። ምርጫው ካለፈ በኋላ ግን ካነበብነው አንዱ ሲፈጸም፣ ሌላው ሲንጠለጠል፣ ጭራሽ ያልተጻፈው ደግሞ ሲመጣብን አየን። ባለቤቴ «ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ከእንግዲህ አላነብም» ብሏል። እኔ ግን ለሚቀጥለው ምርጫ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ሠንጠረዡ ምን ጎድሎት ነበር?
ወ/ሮ ሰ.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወይዘሮ ሰ.፣ ባለቤትዎ ቢሰለቹ አይፈረድባቸውም፤ ነገር ግን ስሕተቱ ማንበባችሁ ላይ አልነበረም። እንዲህ ያሉ ሠንጠረዦች ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓምድ ብቻ አላቸው፤ አንዱ እጩ ያለው በአንዱ፣ ሌላው ያለው በሌላው ይሰፍራል። የሚቀረው ሦስተኛው ዓምድ ነው፤ ይኸውም የተባለው ነገር በማን እጅ ላይ እንዳለ የሚናገረው። በፕሬዚዳንቱ ፊርማ ብቻ በአንድ ቀን የሚፈጸም ቃል አለ፤ ሁለቱም የኮንግረስ ምክር ቤቶች ካላጸደቁት ከወረቀት የማያልፍ አለ፤ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ለወራት የሚቆምም አለ። ይህ ሳይለይ የሁለት እጩዎችን ቃል ማመዛዘን፣ በእጅ ያለ ገንዘብና የተስፋ ብድር በአንድ ሚዛን እንደ ማስቀመጥ ይሆናል።

ከእናንተው ሥራ ልጀምር። ትራምፕ ሰኔ 9 ቀን 2024 ላስ ቬጋስ ላይ ከጉርሻ፣ ማለትም ከቲፕ፣ ግብር አይከፈልም አሉ፤ ሃሪስም በነሐሴ 10 እዚያው ከተማ ተመሳሳይ ቃል ገቡ። ሠንጠረዡ በዚህ ረድፍ ላይ «ሁለቱም ይደግፋሉ» ብሎ አልፎ ከሆነ ትልቅ ልዩነት ሸፍኖባችኋል። የሃሪስ ዘመቻ ሐሳቡን ከዝቅተኛ ደመወዝ ጭማሪ ጋር አያይዞት ነበር፤ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ላይ ቆሟል፣ ቲፕ ለሚያገኙ ሠራተኞች ደግሞ በፌዴራል ሕግ አሠሪው እስከ 2.13 ዶላር ድረስ ዝቅ አድርጎ ሊከፍል ይችላል። ይኸው ዘመቻ ከፍተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ክፍያቸውን «ቲፕ» ብለው ሰይመው ከግብር እንዳያመልጡ የገቢ ጣሪያ እንደሚቀመጥና የሶሻል ሴኩሪቲ መዋጮ እንደሚቀጥል አስታውቆ ነበር። የትራምፕ ቃል ያኔ አጭርና ዝርዝር የሌለው ነበር።

እዚህ ላይ ነው ሦስተኛው ዓምድ የሚጠቅመው። ግብር የኮንግረስ ሥልጣን ነው። ሴኔት ውስጥ አብዛኛው ሕግ ክርክሩ ተዘግቶ ወደ ድምፅ እንዲሄድ 60 ድምፅ ያስፈልገዋል፤ የግብርና የበጀት ሕግ ግን በልዩ ሥርዓት በተራ አብላጫ ሊያልፍ ይችላል። የሪፐብሊካኖቹ ሰፊ የግብር ሕግ ሴኔትን ያለፈው በዚህ መንገድ ነው፤ 50 ለ50 ተከፋፍለው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄ. ዲ. ቫንስ ድምፃቸውን ጨምረው 51 አደረጉት፣ ትራምፕም ሐምሌ 4 ቀን 2025 ፈረሙበት። የጸደቀው ግን ላስ ቬጋስ ላይ ከተባለው ጠበብ ያለ ነው። ከ2025 እስከ 2028 ባሉት ዓመታት በዓመት እስከ 25,000 ዶላር ቲፕ ከፌዴራል የገቢ ግብር ስሌት ይቀነሳል፤ የዓመት ገቢው ከ150,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት በጋራ ከ300,000 ዶላር በላይ ለሆነ ተጠቃሚነቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ እንዳለ ይቀጥላል። ባለትዳሮች ተጠቃሚ የሚሆኑት ግብራቸውን በጋራ ሲያሳውቁ ብቻ ስለሆነ ይህን ከሒሳብ ባለሙያችሁ ጋር አረጋግጡ። ከጉርሻ ግብር አይከፈልም ሲባል አንድም ሳንቲም አይቆረጥም ብሎ የተረዳ ሰው የክፍያ ወረቀቱን ሲያይ ተታለልሁ ማለቱ አይቀርም፤ ግብር በኮንግረስ በኩል የሚያልፍ መሆኑን ያወቀ ግን ቃሉ እዚያ ገብቶ መልኩን ለውጦ እንደሚወጣ ከመነሻው ይጠብቃል።

የኢሚግሬሽኑ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ እዚያ የፕሬዚዳንት እጅ ረጅም ነው። ትራምፕ በአሜሪካ ታሪክ ትልቁን የማባረር ዘመቻ እንደሚያካሂዱ ቃል ገብተው ነበር። ሃሪስ ደግሞ የሁለቱም ፓርቲ ሴናተሮች ያዘጋጁትን የድንበር ሕግ ቢደርሳቸው እንደሚፈርሙ ተናገሩ። ያ ረቂቅ በየካቲት 2024 ሴኔት ውስጥ 49 ለ50 ወድቆ ነበር፤ ስለዚህ የሃሪስ ቃል ዳግመኛ የኮንግረስን በር ማንኳኳት ነበረበት፣ የትራምፕ ቃል ግን በአመዛኙ ቀድሞ የነበረውን ሕግ በሙሉ ጉልበት ማስፈጸም ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ሊጀመር ይችል ነበር። ተጀመረም። በአንጻሩ እዚህ የሚወለዱ ልጆችን የዜግነት መብት ለመገደብ ጥር 20 ቀን 2025 የፈረሙት ትእዛዝ፣ ከ1868 ጀምሮ ሕገ መንግሥት ውስጥ ከሰፈረው ከ14ኛው ማሻሻያ ጋር ይጋጫል በሚል ወዲያውኑ በፍርድ ቤቶች ታገደ። ሁለቱም የአንድ ሰው ቃል፣ በአንድ የሠንጠረዥ ረድፍ ላይ የተጻፉ ናቸው፤ ግን የሚያልፉበት በር አንድ አይደለም።

ስለ ዲቪ አንድ ነገር ልጨምር፤ በየቤታችን የማይነሳበት ቀን የለምና። ዲቪ በ1990 ኮንግረስ ባወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የተቋቋመ ነው፤ ስለዚህ ጨርሶ መሰረዝ የኮንግረስ ሥራ ነው። ይህን ያወቁ ሰዎች «እንግዲያውስ ፕሬዚዳንቱ አይነካውም» ይላሉ። አይደለም። ትራምፕ በ2020፣ የኮሮና ወረርሽኝን ምክንያት አድርገው ባወጡት አዋጅ፣ የዚያ ዓመት የዲቪ እድለኞችን ቪዛ ጭምር አስቁመውት ነበር፤ አዋጁን ጆ ባይደን የሻሩት በየካቲት 2021 ነው። ሕጉ ቆሞ ሳለ አሠራሩን መዝጋት ይቻላል፤ በዚህ ነጥብ ላይ እጩዎችን ስታነጻጽሩ ሕጉን ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የተሠራበትንም ተመልከቱ።

ቀረጥን በተመለከተ ትራምፕ ከየትኛውም አገር በሚገባ ዕቃ ላይ ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ በቻይና ዕቃ ላይ ደግሞ 60 በመቶ እንደሚጥሉ ሲናገሩ፣ ሃሪስ ይህ በሸማቹ ላይ የሚጫን የሽያጭ ግብር ነው እያሉ ተቃወሙ። ሆኖም ሃሪስ ምክትል የነበሩበት አስተዳደር የትራምፕን የቻይና ቀረጥ በአብዛኛው እንዳለ ይዞ ቆይቷል፣ በግንቦት 2024ም በቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ 100 በመቶ እንደሚጣል አስታውቋል። ልዩነታቸው እንግዲህ በቀረጥ መኖር ላይ ሳይሆን በስፋቱ ላይ ነበር። በሚያዝያ 2025 ይፋ በሆነው ዕቅድ ኢትዮጵያ 10 በመቶው መነሻ ቀረጥ ደረሳት፤ ቡናዋም እስከ ኅዳር 2025 ድረስ፣ ቡናና ሌሎች የምግብ ምርቶች ነጻ እስኪደረጉ፣ በዚሁ ውስጥ ነበር። ቡና ከአገር ቤት የምታስመጣ ጎረቤት ካለቻችሁ ከእኔ የተሻለ ታስረዳችኋለች።

የጤና መድን አጭር ነው፤ አጭር የሆነውም አንዱ ዓምድ ባዶ ስለነበረ ነው። ሃሪስ በ2021 የተጀመረው፣ ኦባማኬር በሚባለው የመድን ገበያ መድን ለሚገዙ ሰዎች የሚሰጠው ተጨማሪ ድጎማ ቋሚ እንዲሆን ጠየቁ። ትራምፕ በመስከረም 10ሩ ክርክር ላይ ስለ ዕቅዳቸው ሲጠየቁ «የዕቅድ ሐሳቦች» እንዳሏቸው ነበር የመለሱት። ድጎማው በ2025 መጨረሻ አበቃ። እንደ ባለቤትዎ ከአሠሪ መድን የማያገኙ ብዙ ሾፌሮች የሚገዙት ከዚያ ገበያ በመሆኑ፣ ማንም ሰው ምንም ባለማድረጉ ብቻ ኪሳችሁ የሚነካበት ጉዳይ ይህ ነበር። ባዶ ዓምድ ስታዩ «አቋም የለውም» ብላችሁ አትለፉት፤ ሕጉ መቼ እንደሚያበቃ ጠይቁ።

ያልተጻፈው መጣብን ያሉት ሐዋላውን ይመስለኛል። በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሺየር ቼክ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ 1 በመቶ የሚያስከፍለው ድንጋጌ፣ የቲፕ ተቀናሹ በተካተተበት በዚያው ሕግ ውስጥ ነው ያለው። በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው ረቂቅ 3.5 በመቶ ሆኖ ዜጋ ባልሆኑት ላይ ያነጣጠረ ነበር፤ ሴኔት ወደ 1 በመቶ አወረደው፣ ግን ዜጋውንም ጨመረው። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም እዚህ ከተሰጠ የባንክ ካርድ የሚላክ ገንዘብ አይከፈልበትም። ይህ ከሁለቱ እጩዎች የዘመቻ ርእሶች መካከል አልነበረም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ሠንጠረዥ ከመክፈታችሁ በፊት ገንዘባችሁ ከየት ገብቶ ወዴት እንደሚወጣ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ለናቱ የሚልክ ሰው ሐዋላን በሠንጠረዡ ባያገኝም የሁለቱንም ወገን የኮንግረስ እጩዎች ስለ እሱ ሊጠይቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ እኔ እጩዎችን የምመዝነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለኢትዮጵያ ማን ይሻላል? ጓደኞቼ አንዳንዶቹ ስለ አጎአ (የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ስለሚገባበት ሕግ)፣ አንዳንዶቹ ስለ ግድቡ እያነሱ መስማማት አልቻልንም።
አቶ መ.፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ አቶ መ.፣ በ2024 ከሁለቱ እጩዎች ስለ ኢትዮጵያ ዝርዝር ፖሊሲ ያቀረበ አልነበረም፤ ስለዚህ የጓደኞችዎ ክርክር ያረፈው በተባለው ላይ ሳይሆን ባለፈው ሥራ ላይ ነው፤ ይህም ትክክለኛው ቦታ ነው። ትራምፕ በጥቅምት 2020 ግብፅ ግድቡን «ልታፈነዳው» እንደምትችል የተናገሩት፣ አስተዳደራቸውም በዚያው ዓመት በግድቡ ሳቢያ ለኢትዮጵያ ከሚሰጠው ርዳታ ከፊሉን ያገደው የሚዘነጋ አይደለም። የባይደን አስተዳደር ደግሞ ርዳታውን ከግድቡ ጉዳይ ለይቶ፣ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት በመስከረም 2021 የማዕቀብ ትእዛዝ አወጣ፣ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮም ኢትዮጵያን ከአጎአ አስወጣ፤ በሐዋሳና በሌሎች ኢንዱስትሪ ፓርኮች ልብስ ይሰፉ የነበሩ ወጣቶች የዚህን ትርጉም ያውቁታል። አንዱ በውሃው፣ ሌላው በንግዱ ነክቶናል፤ የትኛው እንደሚከብድ ጓደኛሞች ባትስማሙ አይደንቀኝም። ሁለቱ ውሳኔዎች የተወሰዱት ግን ያለ ኮንግረስ ድምፅ፣ በፕሬዚዳንቱ እጅ ነው። በ2025 የዩኤስኤአይዲ መዘጋትም የዘመቻው ዋና መከራከሪያ ሳይሆን ነው የመጣው። በውጭ ጉዳይ የእጩን ንግግር ከማንበብ ይልቅ ቀድሞ የፈረመውንና ዙሪያውን የሚያስቀምጣቸውን ሰዎች ማየት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ እጩዎቹ ራሳቸው አቋማቸውን ሲለዋውጡ የትኛውን እንመን? የፓርቲዎቹን ሰነድስ ማንበብ ይጠቅማል?
ተማሪ ዮ.፣ አትላንታ

መልስ፦ ሁለቱም ለዋውጠዋል። ሃሪስ በ2019 ዓለት በውሃ ግፊት እየሰነጠቁ ጋዝና ነዳጅ ማውጣት፣ ፍራኪንግ የሚሉት፣ እንዲታገድ ይደግፉ ነበር፤ በ2024 ድምፅዋ ወሳኝ በሆነው በፔንሲልቬንያ እንደማያግዱት ተናገሩ። ትራምፕ በነሐሴ 2020 ቲክቶክን ሊያግዱ ትእዛዝ ፈረሙ፤ በ2024 ራሳቸው ገቡበት፣ እንደሚያድኑትም ቃል ገቡ። በእኔ እምነት የሚታየው የቀደመው ወይም የኋለኛው የበለጠ እውነት መሆኑ ሳይሆን አዲሱን ቃል ቢያጥፍ እጩውን የሚጎዳው ማን እንደሆነ ነው። ፔንሲልቬንያን ይዞ መቆየት የሚፈልግ ፕሬዚዳንት እዚያ የሰጠውን ቃል በቀላሉ አይረሳም።

ሰነዶቹን ያንብቡ፤ ግን የሪፐብሊካኖቹ 16 ገጽ፣ የዴሞክራቶቹ ወደ 90 ገጽ መሆኑን አይተው ረጅሙ የተሻለ ያሰበ ነው አይበሉ። ባይደን ከውድድሩ የወጡት ሐምሌ 21 ነበር፤ ዴሞክራቶቹ ግን ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ቺካጎ ላይ ያጸደቁት ሰነድ ውስጥ ስለ ባይደን ሁለተኛ የሥልጣን ዘመን የሚናገሩ ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉ ቀርተው ነበር።