አልጋው እጅ በእጅ ይከፍላል፣ ስፖርት ግን በዱቤ

ጥያቄ፦ የጂም የወር ከፍዬ ሁለት ሳምንት እሄድና አቋርጣለሁ፣ ይሄ ሦስተኛዬ ነው። ማታ ቆርጬ ጫማዬን በር ላይ አስቀምጬ ነው የምተኛው፣ ጠዋት ግን አላርሙ ሲጮህ እጄ ራሱ ሄዶ ያጠፋዋል። ጓደኛዬ ሁሉን ነገር አሁኑኑ ስለምትፈልጊ ነው ትለኛለች። ሰነፍ ነኝ ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ሰነፍ የሚለውን ቃል ተይው። ጓደኛሽ ግን ልክ ነች፣ ብቻ ይሄ ያንቺ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ጠባይ ነው፣ አንዱ ላይ ይበረታል ሌላው ላይ ይቀላል። ማታ ስታስቢው የጠዋቱ እንቅልፍም ጤናውም ሁለቱም ሩቅ ናቸው ስለዚህ ጤናው ይበልጥብሻል፣ ሲነጋ ግን ብርድ ልብሱ ሞቆ እላይሽ ላይ ነው ጤናው ደግሞ አሁንም ወራት ይቀሩታል። ማታ የወሰንሽውም ጠዋት ያጠፋሽውም ከልብሽ ነው። ጆርጅ ኤንስሊ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ይሄን የሐሳብ መገልበጥ ለብዙ ዓመታት አጥንቶታል።

ክፍያውም ቢሆን ብቻሽን አይደለሽም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ7 ሺህ በላይ የጂም አባላትን አይቶ፣ በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት በአማካይ በወር 4 ጊዜ ገደማ ብቻ ይሄዱ ነበር፣ ሲካፈል ለአንዱ ቀን ከ17 ዶላር በላይ ማለት ነው፣ በ10 ዶላር መግባት እየቻሉ! እሄዳለሁ ብለው አምነው ነው የተመዘገቡት።

ስለዚህ ራስሽን ከመገሠጽ ይልቅ ደስታውን ወደዛሬ አምጪው ነው የምልሽ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ላይ ሰዎቹ አጓጊ ልብወለድ በድምፅ ተሰጣቸው፣ ግን ማዳመጥ የሚችሉት ጂም ውስጥ ብቻ ነበር፣ ቀጥሎ ያለውን ለመስማት ሲሉ መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ 51 በመቶ በልጠው ሄዱ። በኋላ የበዓል እረፍት መጣና ነገሩ ቀዘቀዘ፣ ይሄን አትርሺው፣ ጉዞም ይሁን ጉንፋን ካቋረጠሽ በኋላ እንደ አዲስ መጀመር አለብሽ።

ሌላው፣ እባክሽ የምትጠይውን እንቅስቃሴ አትምረጪ። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ቀን ላይ እስኪያቅለሸልሸው ሮጦ ነው ሰውነቱ ስፖርት ማለት ስቃይ ነው ብሎ የሚይዘው። እያወራሽ ልትሄጂ በምትችይበት ፍጥነት ጀምሪ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው የሚለው፣ ፈጣን እርምጃም ይቆጠራል። ሚዛኑንም ለጊዜው ደብቂው፣ እሱ የሚከፍልሽ ቆይቶ ነው፣ ስትጨርሺ ግን ያ ቅልል የሚልሽ ስሜት እዛው በቦታው ነው የሚመጣው፣ ስልክሽ ላይ በአንድ መስመር ጻፊው፣ ጠዋት አላርሙን ከማጥፋትሽ በፊት እሱን አንብቢ።

አሁን የምትከታተይው ድራማ ካለ ደግሞ ዛሬ ማታ ልብ አንጠልጣዩ ቦታ ላይ ስትደርሺ አቁሚው፣ ቀሪውን ትሬድሚሉ ላይ ሆነሽ ነው የምታይው።