ፕሮፔለር ከመቀየር በፊት

ጥያቄ፦ የሸራ ጀልባችን በውሃ መስመሯ ላይ 9 ሜትር ትረዝማለች። ነፋስ ሲጠፋ በሞተር በ6.5 ኖት (በሰዓት 6.5 የባሕር ማይል) እንጓዛለን፤ በሰዓት 4 ሊትር ናፍጣ ትጨርሳለች። ፕሮፔለር ቀይሩ የሚሉን አሉ። ሌላ መላ የለም?

መልስ፦ አለ፤ መጀመሪያ ነዳጅ መስጫውን መለስ ያድርጉት። ምንም የማያስወጣ ሆኖ ከሁሉም በላይ የሚያተርፈው ይህ ነው። ጀልባ ስትሄድ ማዕበል ትፈጥራለች። በፈጠነች ቁጥር ማዕበሉ እየረዘመ ይሄድና በመጨረሻ የራሷን ማዕበል ሽቅብ የምትወጣ ያህል ይከብዳታል። ይህ የፍጥነት ጣሪያ በኖት የሚገኘው የውሃ መስመሩን ርዝመት በሜትር ወስዶ ስኴር ሩቱን በ2.43 በማባዛት ነው፤ ለእርስዎ 7.3 ገደማ ይመጣል። ከጣሪያው በታችም ቢሆን ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ ስምንት እጥፍ ያህል ጉልበት ይጠይቃል፤ ወደ ጣሪያው ሲጠጉ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

በዚህ ስሌት ወደ 5.4 ኖት ቢወርዱ ፍጆታው በሰዓት 2.3 ሊትር አካባቢ ይሆናል። 60 የባሕር ማይል ለመሄድ 37 ሊትር ይፈጅ የነበረው 26 ሊትር ይበቃዋል፤ የሚዘገዩት ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

የጀልባዎን ትክክለኛ ቁጥር ለማግኘት ታንኩን አፉ ድረስ ይሙሉ፣ የሞተሩን ዙር (በደቂቃ የሚሽከረከርበትን ብዛት) ሳይቀይሩ ጥቂት ሰዓት ይጓዙ፣ መልሰው ሲሞሉ የገባውን ሊትር ለሰዓቱ ያካፍሉ። ፍጥነቱን በጂፒኤስ ሲለኩ ሄደውም ተመልሰውም ይሁን፤ አማካዩ የውሃውን ፍሰት ያጣፋዋል። ከዚያ በደቂቃ 200 ዙር እየቀነሱ ይድገሙት።

ቀጥሎ ፕሮፔለሩን ይዩት። የጀልባዋ ሆድ ፀረ-አልጌ ቀለም ተቀብቶ ንጹሕ ሳለ ፕሮፔለሩ ግን ባዶ ብረት ስለሆነ ቅርፊት ያላቸው ትንንሽ የባሕር እንስሳት ይለጠፉበታል። ጥቂቶቹ ብቻ እንኳ ግፊቱን ክፉኛ ይቀንሱታል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ በፕላስቲክ መፋቂያ ይጽዳ።

አሁን ፈተናው፦ በረጋ ውሃ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይግፉት። አምራቹ 3600 ዙር ያለው ሞተር 3200 ላይ ቆሞ ጥቁር ጭስ ካወጣ ከአቅሙ በላይ ተጭኖታል። የአየር ማጣሪያውም፣ ሆዷም፣ ፕሮፔለሩም ንጹሕ ሆነው ይህ ከታየ የፕሮፔለሩ ምላስ ጥምዘዛ በዝቷል ማለት ነው። የመቀየር ወይም የማስተካከል ጉዳይ የሚነሳው ያኔ ብቻ ነው።

ትንሽ ነፋስ ከጎን ካለ ዋናውን ሸራ ወጥረው ሞተሩን ያግዙት። ሸራው ከተርገበገበ ግን ያውርዱት፤ ጎታች ነው።

ጥያቄ፦ ዝግ ብሎ መጓዝ ናፍጣ ሞተርን አይጎዳም?

መልስ፦ በ5.4 ኖት አይጎዳም፤ ሞተሩ በቂ ጭነት አለው። የሚጎዳው ባትሪ ለመሙላት ብሎ ያለ ጭነት ለሰዓታት ማስነሳት ነው። በደንብ ስለማይሞቅ ካርቦን ይጠራቀማል፣ የሲሊንደሩም ግድግዳ እንደ መስታወት ልሙጥ ይሆንና ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል። ረጅም ሰዓት ዝግ ብለው ከተጓዙ፣ ከማጥፋትዎ በፊት 10 ደቂቃ ያህል ዙሩን ከፍ አድርገው ያሠሩት፤ ከዚያ ጥቂት አብርደው ያጥፉ።