እናቴ የጨጓራ መድኃኒት 6 ወር ወስዳ አልተሻላትም ላልሽው እህት

እህቴ፣ እናትሽ ኦሜፕራዞል ሲወስዱ ከርመው ሕመሙ አሁንም በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ስር እየተነሳ ወደ ጀርባ ይሄዳል፣ ቅባት ሲበሉ ይብሳል ያልሽውን ሳነብ የራሴን ታሪክ የጻፍሽው ነው የመሰለኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ የደረሰብኝን ነው የምነግርሽ።

እኔም ሁለት ዓመት የጨጓራ በሽተኛ ነበርኩ። መቼም እኛ ጋ ከእምብርት በላይ ያመመው ሁሉ ጨጓራ ነው። አንድ ክሊኒክ ደም ወስደው የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ አሉኝ፣ ማጥፊያውን ሦስት ዓይነት መድኃኒት 14 ቀን ዋጥኩ፣ ከወራት በኋላ በደም ሲያዩት አሁንም አለ ተባለ፣ እንደገና ዋጥኩ። ለካ የደሙ ምርመራ የሚያየው አንቲቦዲውን፣ ማለትም ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚሠራውን ነው፣ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ብዙ ጊዜ ፖዘቲቭ ይላል። መጥፋቱ የሚታወቀው በሰገራ ወይ በትንፋሽ ምርመራ ነው፣ እሱም አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ከቆመ 2 ሳምንት ቆይቶ።

ጉዱ የወጣው በፋሲካ ነው። 55 ቀን ጾሜ ሌሊት ዶሮውን፣ ጠዋት ክትፎውን አልኩና ከሰዓት ያ ሕመም መጣ፣ ግን ይሄኛው ሌላ ነው፣ እንደ ቀበቶ ዞሮ ጀርባዬን ያዘኝ፣ በጀርባዬ መተኛት አቃተኝ፣ ወደፊት ጎንበስ ስል ብቻ ትንሽ ይተወኛል፣ ቢያስመልሰኝም ቀለል አይለኝም። ድንገተኛ ክፍል ሊፔዝ የሚባል የቆሽት መቆጣትን የሚያሳይ የደም ምርመራ ሲሠሩ ከኖርማሉ ጣሪያ ከ3 እጥፍ በላይ ሆነ፣ አልትራሳውንዱ ደግሞ ሐሞት ከረጢቴ ውስጥ ጠጠር አሳየ። አንዷ ጠጠር ወርዳ የሐሞትና የቆሽት ቱቦ የሚገናኙበትን መውጫ ስትዘጋ ቆሽት ይቆጣል አሉኝ። ቆሽቴ አረረ እያልኩ ስኖር ይኸው የምሩን አረረ። ሕክምናው መጀመሪያ ምንም አትብዪ፣ በደም ስር ብዙ ፈሳሽና ማስታገሻ፣ ሲሻለኝ ሾርባ።

የኔ ጥፋት ከዛ በኋላ ነው። ከሆስፒታል ሳትወጪ ሐሞት ከረጢቱ በኦፕራሲዮን ይውጣ ሲሉኝ ፈርቼ ቤተሰብ ላማክር ብዬ ወጣሁ፣ ጎረቤት የወይራ ዘይት በሎሚ ጠጪ ጠጠሩን ያወርደዋል አለችኝ፣ ጠጣሁ፣ አረንጓዴ ኳስ ኳስ የሚመስል ነገር ወጣና ወረደልኝ ብዬ ደስ አለኝ፣ ለካ ዘይቱ ራሱ ነው ሆድ ውስጥ እንደ ሳሙና የረጋው! በ5ኛው ሳምንት ያው ሕመም ተመልሶ አስተኛኝ። ያኔ በትንንሽ ቀዳዳ ኦፕራሲዮን አድርገው አወጡት፣ አሁን ወንድሜ ሐሞተ ቢስ እያለ ይስቅብኛል።

ስለዚህ ለእናትሽ የሆድ አልትራሳውንድ ይታዘዝላቸው፣ ባዶ ሆዳቸውን ይሂዱ፣ ከበሉ ሐሞት ከረጢቱ ተጨማዶ ጠጠሩ ላይታይ ይችላል። ውጤቱ ላይ ቆሽት በጋዝ ምክንያት አልታየም ከተጻፈ ቆሽታቸው ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ሲቲ ስካን ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቂ። የጉበት ምርመራም ቢሊሩቢንን ጨምሮ ይሠራላቸው፣ ጠጠሩ ቱቦ ውስጥ ከገባ እሱ ይጠቁማል፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ የሚያወጡት አሉ። ክብደት እየቀነሱ ከሆነ ወይ ሰገራቸው ከጠቆረ ጨጓራን በካሜራ የሚያዩበትን ኢንዶስኮፒውንም አትተዪው። ዓይናቸው ቢጫ ካለ፣ ሽንታቸው እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይ ብርድ ብርድ እያለ ካተኮሳቸው ግን ቀጠሮ ምናምን አትጠብቂ፣ በዛው ሌሊት ይዘሻቸው ሂጂ።