«ምክር ቤት ከገባሽ የአጎትሽን ጉዳይ ታስጨርሻለሽ»

ከቁንዝላ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ በሕግ ተመርቀሽ ሁለት ሥራ እጅሽ ላይ አለ። አንዱ የባንክ ነው። ሌላው ባሕር ዳር ላይ፣ ለአካባቢሽ የክልል ምክር ቤት ተመራጮች የባለጉዳዮችን አቤቱታ ተቀብሎ ማደራጀት ነው፤ እሱም የአንድ ዓመት ኮንትራት። ደመወዙ ያንሳል፣ ማስተርሴ ይዘገያል፣ ፓርቲ ግቢ ይሉኝ ይሆን ብለሽ ሰግተሻል። ከሁሉ የከበደሽ ግን በጉባኤ ሰሞን በር ላይ የሚሰለፈውን ሰው ምን ብለሽ እንደምትመልሺ ነው። ከግርጌ ደግሞ የአባትሽን ቃል ጨምረሻል፦ «ምክር ቤት ከገባሽ የአጎትሽን ጉዳይ ታስጨርሻለሽ።» አጎትሽ በወረዳ ፍርድ ቤት በመሬት ክርክር ተፈርዶባቸው ጉባኤው እስኪከፈት እየጠበቁ ነው።

አባትሽን አክብሬ ነው የምናገረው፤ ግን ተሳስተዋል። የምክር ቤት አባል ፍርድ አይሽርም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 79 ዳኛ ከማንኛውም የመንግሥት አካል ተጽዕኖ ነፃ ነው ብሏል፤ ተመራጩም ከዚያ ውስጥ ነው። የተፈረደበት ሰው መንገዱ ይግባኝ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ ቀኑ ጉባኤ ተከፈተ አልተከፈተ ብሎ አይቆምም። ስንት ገበሬ ደህና መከራከሪያ ይዞ ቀኑ ያለፈበት «ተመራጩ ሲመጣ ይነግርልኛል» ብሎ በመቀመጡ ነው። ይህ ያንገበግበኛል፤ የዚህ መልስ ግማሹም ስለዚህ ነው።

አንቺ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የምትጠቅሚው ይህን በማስቆም ነው። ባለጉዳይ ፊትሽ ሲቀመጥ ታሪኩን ከሥር መሠረቱ ሊነግርሽ ይጀምራል። በትህትና አቋርጪውና ሦስት ነገር ጠይቂው፦ መጨረሻ ላይ የወሰነው ማን ነው? ውሳኔው በጽሑፍ ተሰጥቶሃል? ቀኑ መቼ ነው? መልሱ ፍርድ ቤት ከሆነ የዚያኑ ዕለት የውሳኔውን ግልባጭ እንዲጠይቅና ይግባኝ እንዲል ትነግሪዋለሽ፤ አቅም ከሌለው ነፃ የሕግ ድጋፍ ወዳለበት ትልኪዋለሽ። ለልማት ከይዞታው የሚነሳ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1161/2011ንና ማሻሻያውን ገልጠሽ፣ የአቤቱታው ቀን ትዕዛዙ ከደረሰው ዕለት እንደሚቆጠር አስረጂው። ቢሮ አጉላልቶት ከሆነ ግን ያ በእርግጥ የተመራጩ ጉዳይ ነው። እንባ ጠባቂ ተቋምም አስተዳደራዊ በደልን ያያል፤ በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ ግን እሱም አይነካም።

ዋናውን ሰነድ አትቀበዪ። የመሬት ደብተሩን፣ የፍርዱን ወረቀት እያየሽ ኮፒውን ውሰጂና ዋናውን በእጁ መልሺለት። በጉባኤ ሰሞን ወረቀት ከእጅ እጅ ስለሚዞር ይጠፋል፤ የጠፋ ደብተር ለማስተካት ደግሞ ሰውየው ከቀበሌ ጀምሮ እንደገና ይንከራተታል።

ቀጥሎ ደብዳቤው ነው። ባለጉዳዩ ተመራጩ «እንዲፈጸምላቸው» ብሎ እንዲጽፍለት ይፈልጋል። ይህቺ አንዲት ቃል ብዙ ታበላሻለች። ተመራጩ ሕግ ያወጣል፣ ይቆጣጠራል፣ ይጠይቃል፤ ለጽሕፈት ቤት ኃላፊ ትዕዛዝ አይሰጥም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ኃላፊ ወይ ፈርቶ ያለ አግባብ ይፈጽማል፣ ወይ ተናዶ ፋይሉን ያስቀምጠዋል። አንቺ የምታረቂው «በሕጉ መሠረት ታይቶ የተሰጠው ውሳኔ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው፣ ግልባጩም እንዲደርሰን» የሚል ይሁን። በጽሑፍ የተሰጠ እምቢታ እንኳ ለባለጉዳዩ ትልቅ ነገር ነው፤ ይዞት ወደሚቀጥለው አካል ይሄዳል። ደብዳቤው የወጣበትን ቁጥርና ቀን በወረቀት ቁራጭ ጽፈሽ ስጪው። ቁጥር ይዞ የሚደውልና «ባለፈው መጥቼ ነበር» የሚል ሰው መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት መልስ አያገኙም።

አሁን ጉባኤው። አብዛኞቹ የክልል ተመራጮች መደበኛ ሥራቸው ሌላ ነው፤ ባሕር ዳር የሚሰበሰቡት ለጥቂት ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት ግን ሪፖርት የሚያቀርቡት የቢሮ ኃላፊዎችም አዳራሹ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሰልፉ ከመምጣቱ ከሁለት ሳምንት በፊት መዝገብሽን ገልጠሽ ተመሳሳዩን አቤቱታ አሰባስቢ። ሃያ ሰው በየፊናው ስለ አንድ የውሃ ጉድጓድ አመልክቶ ከሆነ አንድ ጉዳይ ነው፤ ለተመራጩ የሚቀርበውም በአንድ ገጽ ነው። ቀበሌው፣ ስንት አባወራ እንደተቸገረ፣ ለየትኛው ቢሮ በየትኛው ቁጥር ተጽፎ ምን እንደተመለሰ ይቀመጥበታል። ከታች አንድ ጥያቄ ብቻ ይጻፍ።

ጥያቄው ላይ ጊዜ አጥፊ። ተመራጩ ተነስቶ «የሕዝባችን የውሃ ችግር መቼ ይፈታል?» ካለ «እየተሠራ ነው» ተብሎ ይታለፋል። «በዚህ ቀበሌ የቆመው ፓምፕ እንዲጠገን በዚህ ቀን ተጽፎላችሁ ነበር፤ ገንዘቡ ተይዟል ወይ? ካልተያዘ ከየትኛው በጀት ይሸፈናል? ሥራው መቼ ይጀመራል?» ካለ ኃላፊው ወይ ቀን ይናገራል ወይ አላውቅም ይላል። ሁለቱም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራሉ። የተባለውን ቃል በቃል ከነቀኑ ያዢ፤ ቀኑ ሲደርስ ለቢሮው የምትደውይው አንቺ ነሽ። ከጉባኤ በኋላ ያለው ይህ ክትትል ሲቀር ነው ሰው «ተናግረው ሄዱ» የሚለው፤ እውነቱንም ነው።

ተመራጩን አዳራሽ ከገባ በኋላ በስልክ አታሯሩጪው። የሻይ ዕረፍት ላይ ቆመሽ ሦስት ጉዳይ ብቻ ንገሪው፤ አሥር ከነገርሽው አንዱንም አይዝም። መንገድና ትምህርት ቤት እንዲሠራላቸው የሚጠይቁትን ደግሞ ስለ ጊዜው አስረጂያቸው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በጀት ሊጸድቅ በቀረበበት ጉባኤ ላይ አዲስ መንገድ መጠየቅ ዘግይቷል። ጥያቄው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ወረዳው ዕቅዱን ሲያዘጋጅ መግባት አለበት።

«ነገ ተመለሱ» የሚለውን ቃል ከአፍሽ አርቂው። አንቺ የጣና ሐይቅ ዳር ልጅ ስለሆንሽ ታውቂዋለሽ፤ ከደቅ ደሴት ወይም ከደልጊ ለመጣ ሰው ነገ ማለት የአልጋ ኪራይ፣ የምግብ፣ ሌላ ጀልባ መጠበቅ ነው። መልስ ከሌለሽ ስልክ ቁጥሩን ያዢ፣ የምትደውይበትን ቀን ንገሪው፣ ባይሳካም በዚያ ቀን ደውይለት። «ይህን ተመራጩ ማድረግ አይችልም፤ የሚችለው እዚህ ቦታ ነው» ማለት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው አይቻልም ላለማለት ሰውን ሦስት ወር ማመላለስ ነው።

የቀሩትን ባጭሩ። ፓርቲ መግባትን ማስታወቂያው ካልጠየቀ አንቺም አታንሺው። ማስተርስ አንድ ዓመት ቢዘገይ አይጎዳም። ኮንትራቱን በጽሑፍ ያዢ፤ ሲያልቅም የሥራ ልምድ ማስረጃሽ ላይ የሠራሽው ሥራ ተዘርዝሮ ይጻፍልሽ። ደመወዙን ከቤት ኪራይና ከምግብ ጋር ደምረሽ ቀንሰሽ እዪ። ታናናሾችሽ ባንቺ ገንዘብ የሚማሩ ከሆነ ባንኩን ውሰጂ፣ ማንም አይወቅስሽም። አባትሽ ስለ ባንኩ «ደመወዝሽ ቤት ያሠራናል» የሚሉ ከሆነ ግን የጀማሪ ደመወዝ ቤት እንደማይሠራ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። እኔ ኮንትራቱን እልሻለሁ። በመዝገብ ቤት በኩል ያለፍኩ ሰው ነኝና ሚዛኔ ወደዚያ ቢያደላ አትፍረጂብኝ። ቢሆንም ሕግ የተማረ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ የመሬትን፣ የካሳን፣ የጡረታንና የበጀትን ጉዳይ ከነሰነዱ የሚያይበት ሌላ ጠረጴዛ ብዙ አላውቅም። የክልሉ አዋጆች የሚወጡበትን ዝክረ ሕግ ጋዜጣ ከአሁኑ ማንበብ ጀምሪ።

ለባንኩ መልስ ለመስጠት ጊዜ አለሽ። አጎትሽ ግን የላቸውም። ዛሬ ማታ ደውይና ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን ጠይቂያቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምረሽ ቁጠሪ።